ዝግባው ሥር ቆመው ፎቶ ይላኩልኝ

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ባፈና፦ ጤናዎ ከነቤተሰብዎ ይብዛልኝ፤ እኔም እዚህ በሰው አገር፣ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር ደህና ነኝ።

ዛፍ የሚያስጠብቅ ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘሁ እኮ! ባለመሬት ዛፉ እንዳይቆረጥ ከእኛ ጋር ውል ይፈርማል፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ቢሸጥ እንኳ ገዢው ዛፉን መቁረጥ አይችልም። ማክሰኞ አንዲት አሮጊት ለጫካቸው ሲፈርሙ ሳላስበው እልል አልኩ። አለቃዬ ደንግጣ «አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ እንባዬ መጣ።

እሁድ ስንደዋወል ከጓሮዎ መጋዝ ይጮህ ነበር። «የጎረቤት ነው» አሉኝ፤ ጎረቤት ዛፍ እንዳለው ግን አላስታውስም። እዚያም እንዲህ ያለ ውል ይቻል እንደሆነ ቼክ እያደረግኩ ነው፤ የሚቻል ይመስለኛል። እስከዚያው የእማዬን ተዝካር ያወጣንበት የጓሮው ዝግባ ሥር ቆመው ፎቶ ይላኩልኝ። የድሮውን አይላኩ፤ እሱ እኔም ጋ አለ።

እግዜር ጤናና ጥላ አይንሳዎት።

የእህትዎ ልጅ ብፅዓት