ጥለት የሌለው ነጠላ

የካቲት 18 ቀን 1950

አባየ ዛሬ ለሽመና አዲስ ድር አደራ። ለእህቴ ለዙሌይካ ነጠላ ሊሠራላት ነው። ለጥለቱ ቀይ ሐር ከገበያ ገዝቶ ሦስቴ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አየው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተዳረች ስምንት ዓመት ሆናት፤ ለዒድ እመጣለሁ ብላ ልካለች። ለእኔ ግን አባየ አንድ ነጠላ እንኳ ሠርቶልኝ አያውቅም፤ የምለብሰው ሳይሸጥ ከገበያ የተመለሰውን ነው። ቅናት ነው? ይሁን፣ ቅናት ነው።

የካቲት 21

ወንድሜ ዐብዱረሕማን ከመተማ በጭነት ማኪና ገባ። የዙሌይካን ልጅ ይዞ። ሱዓድ ትባላለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው።

"እናቷስ?" አልኩት። ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

በወሊድ። ከነልጁ። አርባዋ አልፏል...

"ጮኸሽ እንዳታሰሚው" አለኝ አፌን በእጁ ይዞ። ረመዳን ሊገባ ነው። የአባየ ልብ ደካማ ነው። መርዶው ከዒድ በኋላ በሽማግሌ ይነገረዋል። እስከዚያ ዙሌይካ አራስ ናት፤ እስክትጠና ልጂቱን ልካልናለች።

"ልጂቱ ብትናገርስ?"

"በዐረብኛ? ማን ሰምቷት!"

እውነቱን ነው። አንዲት ቃል አማርኛ አታውቅም። ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። አባየ "ዓይንሽ ምነው?" አለኝ። ጭስ ነው አልኩት።

የካቲት 24

አባየ ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። ዛሬ ግን ለልጅ ልጁ "ርቦሻል ወይ?" ማለት አቃተው። የኪታብ ዐረብኛ ቢያወጣላት ዓይኗን አፍጥጣ አየችው። እሷ ደግሞ የሰፈሯን ዐረብኛ አንበለበለችበት። "ምን አለች?" ይለኛል እኔን። እኔ ምኑን አውቄ! በመጨረሻ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት። በላች። እሱም ደስ ብሎት ሳቀ።

ይህን ሰው ነው የምናታልለው?

መጋቢት 2

ጓዳ ሆኜ ፋቲሓን፣ የቁርኣንን መክፈቻ፣ ሲቀሩ ሰማሁ። መጀመሪያ የሷ ቀጭን ድምፅ፣ ቆየት ብሎ የሱ። ለካ የጋራ ነገርስ አላቸው! ቁርኣን ሊያስቀራት ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ የመወርወሪያው ድምፅ ቀጥ አለ፤ እስከ ዙህር ሶላት አልተሰማም። ደክሞት ይሆናል።

መጋቢት 8

ከአጠገቡ አትጠፋም። ማጉን በሸምበቆ ቀሰም ላይ እያጠነጠነች ታቀብለዋለች። ክር ሲበጠስ ጫፉን እሷ ትፈልግለታለች፣ እሱ ይቋጥራል። ቃል አይለዋወጡም። ስለ ዙሌይካ መጠየቅም ትቷል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጂቱ አስረሳችው" አለ ዐብዱረሕማን። እኔ ግን ከፋኝ። እንዲህ ቶሎ ትረሳለች ዙሌይካ?

መጋቢት 19

ጾሙ ዘንድሮ ከበደኝ። ጎረቤታችን እማማ ለተ ማርያም ብቅ ብለው፣ አባየ ፊት፣ "እህትሽ ተጠናከረች?" አሉኝ።

"ደኅና ናት" አልኩ። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። ለመድኩት ማለት ነው?

አባየ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

መጋቢት 27

አላለቀስኩላትም። አንድ ቀን እንኳ። የት ሆኜ ላልቅስ? ቤታችን ሁለት ክፍል ነው።

ሚያዝያ 4

ነጠላው አለቀ። ግን ጥለት የለውም፤ ዳር እስከ ዳር ነጭ።

"አባየ፣ ጥለቱስ?"

"ይቅር" አለ።

ዓይኑ ደከመ መሰለኝ። ቀዩን ሐር በሱዓድ ሹሩባ ላይ ታስሮ አገኘሁት። ያን ያህል የጓጓለትን ለልጅ መጫወቻ! ልቆጣት ብዬ ተውኩት።

ሚያዝያ 12

ዒድ። ሳቅን ሁላችንም፣ ሳቅ ከተባለ። አባየ ሥጋውን እየመረጠ እኔን አጎረሰኝ፤ አንዴ ሱዓድን፣ ሁለቴ እኔን። ምነው ዛሬ እኔን? ከሦስት ቀን በኋላ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ።

ሚያዝያ 15

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከዐብዱረሕማን ጋር መጡ። ሳያንኳኩ አባየ በሩን ከፈተ። ለብሷል፣ ጠምጥሟል። ሱዓድ ከጎኑ ቆማለች።

"አያ ሷሊሕ፣ እንግዲህ የአላህ ነገር..." ብለው ጀመሩ ትልቁ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ። "ዙሌይካዬን አላህ ይማራት።"

ዐብዱረሕማን ወደኔ ዞረ። ወላሂ እኔ አይደለሁም!

"ልጂቱ ናት የነገረችኝ፣ በመጣች በሁለተኛ ሳምንቷ" አለ አባየ። "ዙሌይካ እንዴት ናት ልላት ፈልጌ ስሟን ብቻ ጠራሁ። እጇን ዘርግታ ፋቲሓ ቀራች። ለቀስተኛ ሲያደርግ ያየችው ነዋ።"

ያ እኔ ጓዳ ሆኜ ደስ ያለኝ ቀን... ዐረብኛዋን አይሰማም ብለን ዱዓዋን ረሳነው።

"ታዲያ ምነው ዝም አልከን አባየ?" አልኩት።

"ለእኔ ብላችሁ ተጨንቃችሁ፣ ምን ልበላችሁ? ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም። እሷ ክር ስታጠነጥን፣ እኔ ስወረውር፣ አብረን አለቀስን።"

ሃምሳ አራት ቀን። ለካ በዚህ ቤት ብቻዬን የከረምኩት እኔ ነኝ።

አባየ ተነሥቶ ነጩን ነጠላ ከመስቀያው አወረደ። ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

"ድሩን ለሷ ነበር ያደራሁት። ከዚያች ቀን ወዲህ የሠራሁት ግን ላንቺ ነው። ለሐዘን ጥለት አይሆንም ብዬ... ለብሰሽ አልቅሺ ልጄ። ተራሽ ነው።"

አባየ በእጁ የሠራልኝ የመጀመሪያው ነጠላ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሱዓድ መጥታ ፊቴ ቆመች። ሁለት ትንንሽ መዳፎቿን ዘረጋችልኝ። እኔም ዘረጋሁ።