የአረንጓዴው ቅብ ባለቤት

ሐሙስ ረፋድ፣ ጥር ፱

ይድረስ ለምወድህና ለተቀየምኩህ አባቴ፣

እንዴት ነህልኝ? እኔ ከናፍቆትህና ከወንድ ልጅህ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ምድጃው ፊት ተቀምጬ፣ መዶሻና መሮ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። እሱ ደውሎ ነገሩን ሳያሳምረው በፊት ከእኔ ስማ።

ታላቅ እህቴ ዘንድ ልትታከም ስትሄድ «እሷ ተምራለች፣ ቢሮ ትግባ» ብለህ የሸክላ ቤቱን ቁልፍ ለእሱ ሰጠኸው። እሱም ሥራ አስኪያጅ ሆነና እሳት ውስጥ ቀልጦ ሸክላውን የሚያብረቀርቀውን ቅብ ሁሉ በባልዲ ታሽጎ የመጣ መግዛት ጀመረ። ሳህናችን ከየትም ሱቅ ሳህን የማይለይ ሆነ። እኔ ደግሞ ኬሚስትሪ የተማርኩት ካርቶን ላሽግ አይደለም። ከዳቦ ቤቱ አመድ እየለመንኩ፣ አጥቤ፣ በወንፊት አጥልዬ፣ ከጭቃና ከድንጋይ ዱቄት ጋር እየመዘንኩ የራሴን ቅብ መቀመም ያዝኩ። ሥራ አስኪያጁ በበሩ ባለፈ ቁጥር «ጠንቋይዋ፣ ዛሬስ ማንን ልትመርዢ ነው?» ይለኛል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አረፋ አወጡ። ቀጥለው የመጡት እንደ አሮጌ ግድግዳ ተላጡ። አለቀስኩ፤ ከዚያ አመዱን ቀነስኩ። በመጨረሻ አንድ ሳህን ወጣልኝ፤ ቅቡ በሳሳበት ቡናማ፣ በወፈረበት ዝናብ የጠገበ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። አባዬ፣ ብታገኘው በጥፍርህ መታ አድርገህ ድምፁን ትሰማው ነበር።

ያንን ሳህን ዕቃ ሊያዙ የመጡ አንዲት የሆቴል ባለቤት አዩትና «ለአዲሱ ምግብ ቤቴ ይህን ነው የምፈልገው፤ ማን ሠራው?» አሉ። ልጅህ ዓይኑን ሳያሽ «እኔ ነኝ እትዬ፤ የቤተሰብ ሚስጥር ነው» አላቸው።

«ሚስጥሩ አመድ ነው፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ» አልኩ ከካርቶኖቹ ኋላ።

«እህቴ ቀልድ ትወዳለች» ብሎ ሳቀ። ሴትዮዋም አብረውት ሳቁ። አመድ አፋሽ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ያውም በገዛ እጄ ያፈስኩት!

«የቤተሰብ ሚስጥር ከሆነ አንተው ቀምመው» ብዬ ሚዛኔን ይዤ ወጣሁ። ቀመመው! ይደምቃል ብሎ እያንዳንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ ነከረው፤ ግርጌውን እንኳ አልጠረገም። አመድ ያለበት ቅብ ሲወፍር እሳት ውስጥ እንደ ማር እንደሚወርድ ማን ይንገረው? ዛሬ ጠዋት ምድጃው ሲከፈት የሴትዮዋ ሳህኖች በሙሉ ከመደርደሪያው ጋር ላይፋቱ ተጋብተዋል።

«እህት ዓለም፣ በሞቴ አድኚኝ!» አለኝ። ዛሬ እህት ዓለም ሆንኩ!

«አዲሶቹን እኔ እቀባለሁ። ግን ግርጌያቸው ላይ የእኔ ምልክት ይታተማል፤ የማን ሥራ እንደሆነም ለሴትዮዋ አንተው ትነግራቸዋለህ። ከእንግዲህ ምድጃውን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«እሱን አባዬ ይወስን።»

አየህልኝ? ቅቡን ሲሰርቅ አንተን አላማከረም፤ ሲመልስ ግን አባዬ ይወስን! ስለዚህ ፈቃድ እየጠየቅኩህ አይደለም፤ እያሳወቅኩህ ነው። ማኅተሙን ቀርጬ ጨርሻለሁ። እምቢ ካልክም ዳቦ ቤቱ ጓሮ የራሴን ምድጃ እገነባለሁ፤ ጋጋሪው ቦታውን ፈቅዶልኛል።

ሌላም ነገር አለ። ታላቅ እህቴ ስልኩን ብታርቀውም ሳልህ ይሰማኛል። የሸክላው ብናኝ ሳንባህን ምን እንዳደረገው ነግራኛለች። ቢሮ ግቢ ያልከኝ ለዚያ ከነበረ ምናለ ብትነግረኝ? የእሱስ ሳንባ የብረት ነው? እኔ አፍና አፍንጫዬን ሳልሸፍን ዱቄት አልነካም፤ ወለሉንም በውኃ እንጂ በመጥረጊያ አላጸዳም። ይህንን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ በሆንክ።

ማታ ይደውልልሃል። ምን እንደምትለው አልነግርህም፤ አባቱ አንተ ነህ። ስልኩን ግን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጎ እንዲይዘው ነግሬዋለሁ። አጠገቡ እቆማለሁ።

ፈጣሪ ትንፋሽህን ያስረዝምልኝ።

የምትቆጣህና የምትሳሳልህ ልጅህ