ከጨረቃ ጀርባ ያለ ሰንበት

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1961 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት

ወንድም ጋሼ ታዬ፣ ከት/ቤት መጣሁ። ከሰሉን አስገብቻለሁ፣ መዶሻህንም ወልውዬ ሰቅዬዋለሁ። ዛሬ የሰማሁትን ብነግርህ አታምንም። ሦስት አሜሪካኖች ጨረቃን ዞሯት። እዚያው ሆነው የኦሪትን መጀመሪያ አነበቡ። የእኛን ኦሪት! የሳይንስ መ/ሩ ከሬዲዮ የሰሙትን ሲነግሩን፣ ሮጬ ልነግርህ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ከሞትክ ዛሬ አሥረኛ ቀንህ ነው።

ደብተሬ፣ ለእሱ መጻፍ አልችልም። አፍራለሁ። ላንተ ልጻፍ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17። ማታ

አጎታችን ጋሽ ደምሴ ለለቅሶ ከአንኮበር መጥተው እስካሁን እኛ ቤት ናቸው። ስለ ጨረቃዎቹ ሰዎች ጠየቁኝ። ፀሐይ በየሁለት ሰዓቱ ትወጣላቸዋለች አልኩ። ታዲያ ሰንበት መቼ እንደሚገባ በምን ያውቃሉ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ፀሐይ ብታምታታቸውም እዚህ ምድር ላይ ቀን የሚቆጥርላቸው ቤት አላቸው አሉኝ።

ከጨረቃ ጀርባ ሲገቡ ድምፃቸው እንደሚቋረጥ፣ ማንም እንደማያያቸው ነገርኳቸው።

«ተደብቀው ምን ይሠራሉ?»

«ያው ሥራቸውን።»

«እንግዲያ ዘመዶቻችን ናቸዋ!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ቤተ እስራኤል መሆናችንን ደ/ብርሃን ውስጥ የሚያውቅ የለም። እሑድ ከጎረቤት ጋር ቤ/ክርስቲያን እንስማለን። ቅዳሜ ግን ታዬ እሳት አያነድም። ሰው ሲጠይቀው ወናፉ ተቀዷል ይላል። እንዳይዋሽ ደግሞ ዓርብ ማታ ስፌቱን ራሱ ይተረትረዋል።

ይተረትረው ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ጋሽ ደምሴ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲደርሱ በጧት ተሳፈሩ። መኪናው ጋ ሆኜ ልናዘዝ ፈለግሁ። አፌ እምቢ አለ። «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!» ብለው ጉንጬን ሳሙ። ይባስ አፈርኩ።

ደብተሬ፣ ላንተ ልንገርህ። ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ። ታዬ በሳንባ ምች ተኝቷል። በዚያው ሳምንት አበራ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ፣ ቅዳሜ የማይሠራ ቀጥቃጭ ሌሊቱን ጅብ ሆኖ ሲዞር አድሮ ነው ብሎ ክፍሉን ሁሉ አስቆብኛል። በዚያ ጧት በደጃችን ወደ ገበያ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ወናፉን ሰፋሁ። እሳት አነደድኩ። መንገድ ድረስ እንዲሰማ ብረት ቀጠቀጥኩ። በሰንበት!

ታዬ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሁሉንም ሰምቷል። ውሃ ሳስገባለት አልተቆጣም። «እጅህ ተቃጠለ እንዴ?» ብቻ አለኝ። ሰኞ ሞተ።

እነዚያ የጨረቃ ሰዎች ማንም በማያያቸው ቦታ ሥራቸውን አልተዉም። እኔ ታዬ እየሰማኝ ሰንበቴን ተውኩ።

ነገ አበራ የአባቱን ማረሻ ሊያስስል ይመጣል። «በጧት ነው የምመጣው፣ እንዳትተኛ!» ብሎኛል። ባነድስ ማን ያየኛል? ታዬ የለም። ጋሽ ደምሴም ሄደዋል። ባላነድስ ምን እለዋለሁ? ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ እርሳሱን ማስቀመጥ አለብ

ቅዳሜ። ኮከብ ከወጣ በኋላ

በቀን አልጻፍኩም።

ጧት ብቻዬን ነቃሁ። ፊቴን ታጠብኩ። የትናንት ዳቦ በላሁ። አበራ ማረሻውን ተሸክሞ መጣ። አመዱን አየ።

«አንተ፣ እሳቱስ?»

«ዛሬ ሰንበቴ ነው።»

«የምን ሰንበት?»

«ታዬ ቅዳሜ እሳት አንድዶ አያውቅም። ያን ዕለት የሰማኸው እኔን ነው። አንተን ፈርቼ ነው።»

«በሳምንት ሁለት ቀን የሚያርፍ ቀጥቃጭ የት አገር አለ?»

ልስቅ ነበር። እሱ አልሳቀም። ማረሻውን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገና ሄደ። ሰኞ ለክፍሉ ሁሉ ይናገራል። ይናገር።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የሚያልፈው ሁሉ ሥራ መፍታቴን እንዲያይ፣ እስከ ቀትር ደጃፉ ላይ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።