ለጥገና አትምጪ

ለበኩር ልጄ፦

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ በብርድ ጊዜ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? አማቼ እንደምን አለልኝ? ትንሿስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ ጠዋት ግቢውን ጠርጌ፣ ቁርሴን በልቼ ነው ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት። ናፍቆቱን ግን አልዋሽሽም፣ እሱ ተጠርጎ የሚወጣ አይደለም።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለቴ አነበብኩት። የክፍል ኃላፊ አድርገው ከሾሙሽ ሦስት ወር ሳይሞላ ሥራዬን ለቅቄ መጥቼ ካንቺ ጋር እኖራለሁ፣ አባባ ከሞተ በኋላ ብቻሽን አትችይውም ማለትሽ ሆዴን አባባው። አልፈርድብሽም። አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ መውጣት ፈርቼ፣ አባትሽ ከሥራ እስኪመጣ በሻማ ስጠብቅ እያየሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ለሱም ነግሬው አላውቅም። በተጋባን ሰሞን የጋዝ ሲሊንደር መቀየር አሳምሬ እችል ነበር፣ ከእናቴ ቤት ለምጄው ነው የመጣሁት። እሱ ግን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ እጁ ሲፈለግ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን አላውቅም ስለው ከሥራ ቶሎ መጣልኝ። በሌላውም ቀን አላውቅም አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሠላሳ አራት ዓመት ስቀልድ፣ ለካ ቀልዱ እውነት ሆኖ ኖሯል። እሱም ቢሆን የመሣሪያ ሣጥኑን ቁምሳጥን ላይ ሰቅሎ፣ ሰው እንዳይነካብኝ ይል ነበር። ሰው የሚለው እኔን ነው፣ ሌላ ማን አለና።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ መንጠባጠብ የጀመረው እሱ በጤናው ሳለ ነው። ነገ እሠራዋለሁ እንዳለ ሄደ። ሰባት ወር ሙሉ ባልዲ ደቅኜ የጎረቤት ደጅ ጠናሁ። ዛሬ እንመጣለን፣ ነገ እንመጣለን ሲሉኝ ጊዜ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሣጥኑን ራሴ አወረድኩት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ቧንቧው ውስጥ ያለችው ክብ ጎማ አልቃ ነው ብላኝ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ፣ እማማ ሰው ቢልኩ ይሻል ነበር ቢለኝ፣ ላኪም ተላኪም እኔው ነኝ አልኩት።

ከዚያ ያደረግሁትን ስትሰሚ እንዳትቆጪኝ። ዋናውን የውሃ መዝጊያ ሳልዘጋ ቧንቧውን ፈታሁት። ውሃው ተፈናጥሮ ጣሪያ ነካ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሮጬ እንደመዝጋት በሁለት እጄ አፍኜው ቆምኩ። በወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ምስማሩ ላይ፣ የአባትሽ የሥራ ኮት አለ። ከሥራ ሲገባ ይሰቅለው የነበረው ነው፣ ታውቂዋለሽ። ከሞተ ወዲህ አላወረድኩትም፣ አላጠብኩትምም፤ ባለፍኩ ቁጥር አንገትጌውን አሸት ነበር። እጄን ባነሣ የሚረጨው ውሃ ኮቱን ሊመታው ነው፤ ባላነሣ ደግሞ ቤቱ ሊጥለቀለቅ ነው። ስሙን ጠራሁት መሰለኝ። ማን ሊመጣ። ለቅቄው ሮጥኩና ከቤቱ ጀርባ ያለውን መዝጊያ ዘጋሁ።

ስመለስ ከእጅጌው ውሃ ይወርዳል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ጎማዋን ቀየርኩ፣ አጠበቅሁ፣ ውሃውን ከፈትኩት። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ኮቱን ምናልባት ጠረኑ ትንሽ ቢተርፍልኝ ብዬ ሳሙና ሳላስነካ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ አሸተትኩት፤ ፀሐይ ፀሐይ ብቻ ይላል።

ስለዚህ ልጄ፣ አትምጪ። ቧንቧው አቃተኝ ብዬ ብጽፍልሽ በሳምንቱ እዚህ እንደምትደርሺ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ብዕሩን ይዤ አስቤበታለሁ። ግን አንድ ጊዜ በአላውቅም ሰው ጎትቻለሁ፣ አሁን ደግሞ አንቺን አልጎትትም። ሥራሽ ላይ ቆዪ። ዕረፍት ሲሰጡሽ በእንግድነት ነይልኝ፣ ለጥገና ግን አትምጪ።

አማቼን ሰላም በይልኝ፤ የመሣሪያ ሣጥኑን ለሱ ላወርሰው አስቤ ነበር፣ አሁን ግን እኔው ስለምሠራበት ይታገሠኝ። አማትሽን እናቴ እጅ ነሥታለች በያቸው። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝና፣ ስታድግ የምታውቀውን አላውቅም እንዳትል ከአያትሽ የተላከ ምክር ነው በያት። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች።

አንድ ነገር ብቻ ከእጄ በላይ ሆነብኝ። ሕፃን ሳለሽ ከትምህርት ቤት የሚያመጣሽ ያንን ኮት ለብሶ ነበር፣ አንገቱ ሥር ተሸጉጠሽ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር። ጠረኑ ምን ምን ይል እንደነበር ትዝ ካለሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ሰኔ 9 ቀን