«ሆዴ» በስፓኒሽ

ጥቅምት 3
ከቲኬት ቢሮ ስመለስ አባዬ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ ፂሙ በእንጨት ብናኝ ነጥቷል። ዶክተሯ መጥታ ነበር አለ። የዓይን ሐኪሟን ማለቱ ነው፣ ክሊኒኩ ስፓኒሽ ከሚነገርበት አገር ለሁለት ዓመት ያስመጣትን። አማርኛዋ «ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች እይ» ብቻ ነው። መጀመሪያ መደርደሪያ አዘዘች፣ ከዚያ ሌላ መደርደሪያ፣ አሁን ደግሞ በርጩማ። ቤቷን ፈርኒቸር ቤት ልታደርገው ነው እንዴ?

ወረቀት ትታለታለች። «እስቲ አንብቢልኝ። ሦስት ዓመት ስፓኒሽ የተማርሽው ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው?»

ሁለት መስመር ስለ በርጩማው። ከታች፦ ቴ ኪዬሮ፣ ሚ ሲዬሎ። እወድሃለሁ፣ ሰማዬ።

«ምን ትላለች?»

«እንደ ወንድሟ ነው የምታይህ።»

ዋሸሁ? ቴ ኪዬሮ እኮ ለወንድምም፣ ለጓደኛም ይባላል። ጠንከር ያለው ቴ አሞ ነው፣ አስተማሪያችን ራሷ ናት ያለችን። ስለዚህ አልዋሸሁም... «ሰማዬ» የሚለውን ግን የት ጣልኩት?

ጥቅምት 5
መልስ አስጻፈኝ። ጉሮሮውን ጠረገና «ሆዴ» ብሎ ጀመረ።

እጄ ቆመ። ሆዴ እማዬ ናት። «ሆዴ፣ መነጽሬን አይተሻል?» «ሆዴ፣ በሩን ቆልፈሻል?» ከሞተች አምስት ዓመት፣ ያቺ ቃል እዚህ ቤት ተሰምታ አታውቅም። አሁን ለሌላ ሰው... በኔ እጅ?

«የተከበሩ ዶክተር» ብዬ ጻፍኩ። የቀረውን አንድም ሳላጎድል ተረጎምኩ።

«ሆዴን ጻፍሻት?»

«ጻፍኳት።»

ይሄኛው እንኳን ጥርት ያለ ውሸት ነው።

ጥቅምት 9
ጫማውን አስጠረገ። ፀጉሩን ተስተካከለ። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰው በስድሳ ሁለቱ መሽቀርቀር ክልክል ነው ያለ አለ?

ጥቅምት 14፣ ሰኞ
ክሊኒኩ ዶክተሯን ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ ወይ ብሏታል። እስከ ዓርብ መልስ ትሰጣለች። አባዬ በርጩማውን ሲጠቀልልላት ወደኔ ጠጋ ብላ በስፓኒሽ ጠየቀችኝ።

«አባትሽ ስለኔ ምን ይላል?»

«በጣም ያከብርሻል።»

«ያከብረኛል» አለች። በርጩማዋን አቅፋ ሄደች።

ጥቅምት 16
አባዬ ዛሬ እኔን አልጠበቀም። ዶክተሯ ወርክሾፑ ድረስ መጥታ የሚተረጉም ስልኳን አፉ ላይ ስትደግንበት «ሆዴ፣ አትሂጂ» አላት። ስልኩ ምን ብሎ እንደተረጎመላት እንጃ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤታችን እየሮጠች መጣች፣ የመድኃኒት እሽግ ይዛ።

«ሆዱን የሚያመው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፣ መልሴን ትጠብቃለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ሦስት ዓይነት አድርጌ ልተረጉመው እችላለሁ።

«ከሰኞ ጀምሮ» አልኳት።

አባዬ ሲገባ ክኒኑን ሰጠችው። ምንድን ነው በሚል ዓይን አየኝ። ቫይታሚን ነው አልኩት። ደስ ብሎት ዋጠው፣ ከሷ እጅ ስለሆነ። አንጀቴን በላው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

ጥቅምት 18
አልጨምርም ብላ ፈርማለች። መስኮቴ ጋ መጥታ የአውሮፕላን ቲኬት ጠየቀች። የቆረጥኩላት እኔው ነኝ። ለጥቅምት 30።

ጥቅምት 21
አንድ ሳንቃ ይዞ ጠዋት ጀምሮ ይልጋል። ወረቀት እስኪያክል ሳሳ። ለምንድን ነው ስለው «እኔ እንጃ» አለ።

ትንሽ ቆይቶ፦ «ሆዴ ብዬ እኮ ለመንኳት። ከእናትሽ ወዲህ ለማንም ብያት አላውቅም። አፌ ላይ ሞታለች ብዬ ነበር።»

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 23
ክሊኒኩ ሄድኩ። ዓይን የምትመረምርበት ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ነገርኳት። ሆዴ ሆድ ነው፣ ግን ሆድ አይደለም አልኳት። ሰው ውስጡ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። እናቴን የሚጠራበት ነው። ደብዳቤው ላይ ነበረ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«ለምን?»

ስፓኒሹ ጠፋብኝ። ኋላ «ቀናሁ» አልኩ። መነጽሯን አውልቃ ብዙ ጊዜ ጠረገችው። ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እሷም አለቀሰች፣ እኔም።

አባዬ ጋ ገባሁና እሱንም ነገርኩት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ቫይታሚኑስ?»

«የሆድ መድኃኒት ነው።»

ሊስቅ ሲል ተወው። «እናትሽን ወደሽ ነው፣ ይገባኛል» አለ። «ግን እሷን መሸፈኛ አታድርጊያት። እሷ ሰው አታታልልም ነበር።»

ጥቅምት 30
አየር ማረፊያ። መስታወቱ ማዶ ቆመው ያወራሉ፣ እሷ በስፓኒሽ፣ እሱ በአማርኛ። እጇን ይዟል። ተርጉሚልን ብሎ የጠራኝ የለም። እኔም አልሄድኩም።

ኅዳር 25
ደብዳቤ ላከችለት፣ ሦስት ገጽ። እኔ ጋ አላመጣውም።

ሻይ ይዤለት ስገባ ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል። መጋዙን ገፋ አድርጎ ደብዳቤውን ዘርግቷል፣ አጠገቡ የገዛው የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት። በጣቱ እየተከተለ ፊደል ይቆጥራል። አንዷ መስመር ላይ ተሳስቶ ያነባል፣ አፌን ያዝኩ። ሻዩን አስቀምጬ ልወጣ ስል ጠራኝ።

«ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ቴ ኤስትራኞ።

«ናፍቀኸኛል ማለት ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ከልቡ። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ሳብ አድርጎ ገለጠና፣ እዚያው እኔ ቆሜ እያየሁት፣ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ።