ጥናቱ ስላለቀ የተከለከለ እቅፍ

ለክቡር ዶክተር ረፍዓት ዘህራን፣
የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የመላ ቤተሰብዎ ጤና የተሟላ እንዲሆን፣ በየሽልማት መድረኩ መውጣትና መውረዱም ጉልበትዎን እንዳይጎዳው ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሰባት ወሯ የተወለደችው የነስማ እናት ነኝ። ልጄ አሥራ አንድ ቀኗን በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ፣ እኔ ደግሞ በየማለዳው ዓባይን በጀልባ እየተሻገርኩ ከመስታወቱ ውጪ አሳልፈናል።

አንደኛ፣ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ተጣብቆ ሲውል ሙቀቱ እንደሚጠበቅ፣ ጡት ቶሎ እንደሚይዝ፣ ሞትም እንደሚቀንስ በዚሁ ክፍል ሁለት ዓመት አጥንተው አረጋግጠዋል። ይህን ያወቅሁት በኮሪደሩ ካሰቀሉት ትልቅ ሰሌዳ ነው። ሌላ የምሠራው ስለሌለኝ ቁጥሮቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ በሰሌዳው ፎቶ ላይ እንዳለችው እናት እኔም ልጄን ልታቀፍ ብዬ ስለምናት፣ ነርስ ተሐኒ አንገቷን ደፍታ «የነስማ እናት፣ ምን ላድርግልሽ? ጥናቱ አልቋል እኮ! አሁን የሚሠራው የድሮው መመሪያ ነው» አለችኝ። እሷስ ምን ታድርግ፣ ታዛዥ ናት። መድኃኒት ሲገኝ በሽታ እንደሚጠፋ ሰምቼ ነበር፤ መድኃኒቱ መሥራቱ ሲረጋገጥ መድኃኒቱ ራሱ የሚጠፋበትን አሠራር ያሳዩኝ ግን እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ በጥናቱ ጊዜ እናቶች ጋደም ብለው ልጆቻቸውን ይታቀፉባቸው የነበሩት ስድስቱ ወንበሮች የት እንደገቡ ጠይቄ፣ ጥናቱ በተሸለመ ዕለት ለክብር እንግዶች መቀመጫ አንሶ ወደ አዳራሹ እንደተወሰዱ ዘበኛው አጎት ሁዘይን ነገረኝ። «ስሚ ልጄ፣ አንዱን ላወጣልሽ ብዬ ነበር፤ ንብረት ክፍሎች ያለ ፊርማ ንክች እንዳታደርግ አሉኝ» ብሎ ሻዩን አካፈለኝ። ፈራሚው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ ይህንኑ ጥናት ለሌሎች ሐኪሞች ሊያስተምሩ ካይሮ ሄደዋል። እንግዲያው ወለሉ ላይ ልቀመጥ ብል ለንጽሕና አይመችም ተባልኩ፤ ይኸኛው እውቀት ሥራ ላይ ለመዋል ጊዜ አልፈጀበትም።

አማቴ በወጋችን ሕፃን በወንፊት ተኝቶ የሚነቀነቅበትን የሰባተኛ ቀኗን ድግስ ትታዋለች፤ ሕፃን በሌለበት ወንፊት ውስጥ ማንን አስተኝተን እንነቅንቅ? ባለቤቴም «ተይ፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ክቡር ዶክተር። ትናንት ከንፈሯ ጠቆረብኝ፤ መስታወቱን በመዳፌ ስደበድብ «አሻራ ይተዋል» ብለው አስወጡኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ከመመሪያው ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ እባክዎ ያንኑ ጥናት እንደገና ይጀምሩትና እኔንና ነስማን ይመዝግቡን።

የሊቅነትዎን ፍሬ ከመስታወት ማዶ እያየች የምትደነቅ፣ ለተጨማሪ ሽልማትም የምትጸልይልዎ፣
ዊሳም ሸሓታ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ ዛሬ ጠዋት ነስማን እንድታቀፍ ተፈቀደልኝ። የፈለግሽውን ያህል ያዣት አሉኝ፤ ቀዝቅዛ ነበር። ስለ ቁጥሮችዎ ግን ከቶ አይጨነቁ፤ የሞተችው ጥናቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ውጤትዎን አታበላሽብዎትም።