ሁለት ሰው የሚፈልገው ማሽን

ኪዮስ፣ ግሪክ፣ ረቡዕ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1998

ውድ ባለቤቴ ፓንዴሊስ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ የእናትህም ጉልበት ተሽሏቸዋል። መንደሪኑ ተለቅሞ አልቋል፤ ጭማቂው በርሜል ውስጥ ሆኖ አንተንና አዲሱን የጠርሙስ መሙያ ማሽን ይጠብቃል። አሮጌው ባለፈው ሳምንት ከአሥር ጠርሙስ የአራቱን መጠጥ አረፋ አድርጎ መሬት ላይ ደፋው።

ከጣሊያን የጻፍከውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የማሽኑን ዋጋ አንድ ጊዜ ጠቅሰሃል፤ የማሽን ፋብሪካውን ሴት መሐንዲስ ኦርኔላን ሰባት ጊዜ። ቀንቼ አይደለም፤ ዓይኔን ስለያዘው ነው። ባለ ቡና ቤቱ ስቴሊዮስ ግን ሰው ፊት «ስታማቲያ፣ ባልሽ የሄደው ማሽን ሊመርጥ ነው ወይስ ሚስት?» አለኝ። «ሚስት መምረጡንማ ከሃያ ዓመት በፊት ጨርሷል» ብዬ ሁሉንም አሳቅኳቸው። ቤት ገብቼ ለእናትህ ስነግራቸው ግን አልሳቁም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ያስመርጣል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ወደ ሥራው ልመለስ። «ኦርኔላ ስትሞላ ጠብታ አረፋ አልወጣም» ብለሃል። በምን እንደሞላች በስልክ ስጠይቅህ «ጋዝ ባለው ውሃ» አልክ። አንተ ሰው፣ ውሃማ ለማንም ይታዘዛል! የእኛ መጠጥ ስኳርና ጭማቂ አለበት። መጠጡ በደንብ ካልቀዘቀዘ፣ ከመግባቱም በፊት ጠርሙሱ በጋዝ ካልተሞላ፣ ወዲያው ይገነፍላል። ይህን ያስተማርከኝ አንተው ነህ። እዚያ ስትደርስ እንዴት ረሳኸው? ምን እያየህ ነበር?

ስለዚህ ወደ ጣሊያን ጭነት በሚያመላልሰው ሹፌር በያኒስ በኩል አንድ ጀሪካን ጭማቂና አሥራ ሁለት የራሳችንን ጠርሙሶች ልኬያለሁ። በእነሱ ሞክሩ።

ደግሞ ካሳዩህ ሁለት ማሽኖች ትልቁ አንድ ሰው ብቻ እንደሚበቃው ኦርኔላ ስትነግርህ ደስ ብሎሃል። እኔን ደስ አላለኝም። ትንሹ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ጠርሙስ ያስገባል፣ ሌላው ቆርኪ ይገጥማል። ሃያ ዓመት አንተ በቀኝ፣ እኔ በግራ ቆመን ሠርተናል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እንኳ ስታፏጭ ይሰማኝ ነበር። ቀርፋፋ ነው ይበሉ፤ ለደሴታችን ይበቃል። ትንሹን ምረጥ።

የደሴታችን ጠባቂ ቅድስት ማርኬላ ባሕሩን ጸጥ አድርጋ በሰላም ታምጣህ።

ሚስትህ ስታማቲያ

ከአሥራ ሁለቱ ጠርሙሶች አንዱን ኦርኔላን አቅምሳት። ማን እንደጨመቀው ንገራት።